«ፌል ስሩ» ማለት ተሳካ ማለት አይደለም፦ አንዲት የፕሮጀክት አስተባባሪ የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብና ፈሊጥ የተለማመደችበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የፕሮጀክት አስተባባሪ ለሥራዋ የሚያስፈልጓትን የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦች (አንድ ግስ እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለ ተከታይ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍቺ የሚሰጥባቸውን አገላለጾች) እና ፈሊጣዊ አነጋገሮች እንዴት እንደተለማመደች፣ ከልምምዱም የትኛው እንደጠቀማትና የትኛው ጊዜዋን እንደበላባት ይመዘግባል። እኔ በግል የማስጠናት የቋንቋ መምህር ነበርኩ። ጽሑፉ የቀረበው በእርሷ ፈቃድ ሲሆን የእርሷም የመሥሪያ ቤቷም ስም ተትቷል።

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ባለሙያዋ ጀማሪ ስላልነበረች ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ችግሩ ለራሱም ለሌላውም ስለሚታይ ኮርስ ይገባል፣ አስጠኚ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው «ጥሩ ነው» የተባለለት ሰው ግን በስብሰባ ላይ ግማሹ ነገር ሲያመልጠው ለማንም አይናገርም፤ ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም። በእኔ እምነት በየቢሮው በዚህ ደረጃ ላይ ደርሰው የቆሙ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ታስቦ የተዘጋጀ ትምህርት ግን ብዙም አይገኝም። ገበያ ላይ ያለው ወይ ለጀማሪ ነው፣ ወይ ለፈተና ነው።

የባለጉዳይዋ ዳራ

ባለሙያዋ ያደገችው በክልል ከተማ ሲሆን አፏን የፈታችው በአማርኛ ነው። በአገራችን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። እርሷም ፊዚክሱንና ባዮሎጂውን በእንግሊዝኛ ተምራ፣ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ለዓመታት የፋይናንስ ሪፖርት ስታዘጋጅ የቆየች ሰው ናት። ሰዋስዋ ንጹሕ ነው። ረጅም ሰነድ ያለ መዝገበ ቃላት ታነባለች።

ችግሩ የጀመረው አስተባባሪ ሆና ስታድግ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዋ በአብዛኛው ከወረቀት ጋር ነበር፤ ከዕድገቱ በኋላ ግን በየሳምንቱ ከናይሮቢና ከጄኔቫ ባልደረቦች ጋር በሚደረግ የኢንተርኔት ስብሰባ መሳተፍና ቃለ ጉባኤ መያዝ ግዴታዋ ሆነ። በዚህ ጊዜ ያገኘችው እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ያስተማራት እንግሊዝኛ አልነበረም። የመማሪያ መጻሕፍትና የሪፖርት ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡ ነጠላ ግሶችን ያዘወትራል፤ «ፖስትፖን» (ማዘግየት)፣ «ቶለሬት» (መታገሥ)፣ «ኢንቨስቲጌት» (መመርመር)፣ «ካንስል» (መሰረዝ) የመሳሰሉትን። ሰዎች ሲነጋገሩ ግን በእነዚህ ቦታ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ኮል ኦፍ» ይላሉ። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው አንድ ልጅ የሚያውቀው ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲጣመሩ የሚሰጡት ፍቺ ግን ከተናጠል ፍቺያቸው ተደምሮ አይገኝም።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ወደ እኔ ያመጣት አንድ ቃለ ጉባኤ ነው። በስብሰባው ላይ የናይሮቢው የግዢ ኃላፊ ከውሃ ፓምፕ አቅራቢው ጋር ስለተደረገው ድርድር ሲናገር «ዘ ዲል ፌል ስሩ» ይላል። ፍችው ስምምነቱ ፈረሰ፣ ሳይሳካ ቀረ ማለት ነው። እርሷ በቃለ ጉባኤው ላይ ስምምነቱ እንደተጠናቀቀ አድርጋ ጻፈች። የመስክ ቢሮው ቃለ ጉባኤውን አንብቦ የጭነት መኪና መፈለግ ጀመረ፤ ስህተቱ የታወቀው ማጓጓዣ ሊከራዩ ሲሉ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አንሥቼ «ሲባል ምን ብለው ተረዱት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ውሉ አለቀ፣ ተፈጸመ ማለት አይደል እንዴ መምህር? ‹ጎ ስሩ› ተሳካ ከሆነ ‹ፌል ስሩ›ም ያው መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ይህ መልስ ለሥራችን ሁሉ መነሻ ስለሆነ በጥሞና ማየት ይገባል። ባለሙያዋ በግምት አልተናገረችም። «ስሩ» የሚለውን ተከታይ ቃል ከ«ጎ ስሩ» እና ከ«ፎሎው ስሩ» ታውቀዋለች፤ በሁለቱም ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ መድረስን፣ ዳር ማድረስን ያመለክታል። ከዚያ ተነሥታ ሦስተኛውን ገመተች። አካሄዷ ትክክል ነበር፤ የሚገመተው ነገር ነው እምቢ ያለው። ፍሬዛል ቨርብ አስቸጋሪ የሚሆነው ምንም ሕግ ስለሌለው አይደለም፤ ግማሽ ሕግ ስላለው ነው። በግማሹ ተማምኖ የሚሄድ ሰው ሌላው ግማሽ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ክስተት ከመስማት ሳይሆን ከመጻፍ ጋር የተያያዘ ነው። በጀት በመቀነሱ ምክንያት ሦስት ሾፌሮች ከሥራ እንደሚሰናበቱ የሚገልጽ ደብዳቤ ስታረቅቅ «ጌት ሪድ ኦፍ» የሚለውን ተጠቀመች። ሰዋስው ላይ ስህተት የለበትም፤ ያነበበችው መዝገበ ቃላትም ማስወገድ ነው ይላል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ጌት ሪድ ኦፍ» የሚባለው አላስፈላጊ ዕቃን ወይም የሚያስቸግር ነገርን መጣል ነው። ለዓመታት ያገለገለ ሠራተኛን በዚህ ቃል መጥራት ክብር መንፈግ ነው። የሚገባው «ሌይ ኦፍ» ወይም ለስለስ ሲል «ሌት ጎ» ነበር። ደብዳቤው ሳይወጣ የቅርብ አለቃዋ አይተው አስቆሙት፤ ነገሩ ግን ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዋ አልወጣም፤ ሾፌሮቹን በግል ታውቃቸው ነበርና።

ምርመራው

ከመጀመራችን በፊት የት የት እንደምትደናቀፍ መለየት ነበረብን። ድርጅቱ ስብሰባዎችን ለሠራተኞች ስለሚቀዳ፣ እርሷ ቅጂውን ራሷ እየሰማች ያልገቧትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ፣ የፕሮጀክትና የሰው ስም አውጥታ፣ በማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመጣ ነበር። እኔ ደግሞ የራሷን የቆዩ ኢሜይሎች አነበብኩ። አራት የተለያዩ ችግሮች ተገኙ፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው የመስማት ችግር ነው። ተናጋሪ ሲፈጥን «ፒክ ኢት አፕ» የሚለው ሦስት ቃል «ፒኪታፕ» የሚል አንድ ድምፅ ይሆናል። ጽሑፉን ሳሳያት ወዲያው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ትላለች። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነበር ያላወቀችው።

ሁለተኛው መሸሽ ነው። በኢሜይሎቿ ውስጥ ፍሬዛል ቨርብ ፈልጌ የማገኘው በጣም ጥቂት ነበር። የምታውቀውን ሳይቀር ትታ «ፖስትፖን» እና «ኢንቨስቲጌት» ትጽፋለች። ይህ የእርሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ዕብራይስጥ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን አጥንተው፣ ተማሪዎቹ ፍሬዛል ቨርብን እየሸሹ ነጠላ ግስ እንደሚመርጡ፣ በተለይም ፍችው ከቃላቱ በማይገመተው ላይ ሽሽቱ እንደሚበረታ አሳይተዋል። የሰጡት ምክንያት ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ የግስ አሠራር የሌለው መሆኑን ነው። አማርኛም የዚያው የሴማዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ እኛም ግስን የምናረባው ከሥሩ ላይ እየቀጠልንና ውስጡን እየለወጥን እንጂ ከኋላው «አፕ» እና «ኦፍ» እያስከተልን አይደለም። ይህንን ስነግራት በግልጽ እፎይ አለች፤ እስከዚያ ድረስ የራሷ ስንፍና አድርጋ ስታስበው ኖራለችና።

ሦስተኛው የቃላት አቀማመጥ ነው። ተውላጠ ስም ሲሆን «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም፤ በአንጻሩ «ሉክ ኢንቱ ኢት» ይባላል እንጂ «ሉክ ኢት ኢንቱ» አይባልም። አራተኛው የአነጋገር ደረጃ ነው፤ የሾፌሮቹ ደብዳቤ ምሳሌው ነው።

ከዚህ በፊት ምን ሞክራ ነበር

ባለሙያዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም ነበር። በስልኳ ላይ በፊደል ተራ የተደረደሩ የፈሊጥ ዝርዝሮች ነበሯት፤ በየቀኑ በርካታ አዳዲስ ታጠናለች። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» (ኃይለኛ ዝናብ ይዘንባል) እና «ኪክ ዘ በኬት» (ሞተ) የመሳሰሉትን በቃሏ ትወጣቸዋለች። በሥራዋ ላይ ግን ማንም እነዚህን ሲል ሰምታ አታውቅም። በተቃራኒው በየሳምንቱ የሚነገሩት «ሉፕ ሚ ኢን» (እኔንም አሳውቁኝ)፣ «ኦን ትራክ» (በዕቅዱ መሠረት)፣ «ሳይን ኦፍ» (ማጽደቅ)፣ «ኢን ዘ ፓይፕላይን» (በዝግጅት ላይ ያለ) ከዝርዝሯ ውስጥ አልነበሩም። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች የሚሰበስቡት አስገራሚውን ነው፤ አስገራሚ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርቅ ስለሆነ ነው።

ይህ የመምረጥ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ትልቅ የብሪታኒያ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ስብስብ ውስጥ ካሉት ፍሬዛል ቨርቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ20 ግሶች እና ከ8 ተከታይ ቃላት ብቻ የሚገኙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ጋርኒየርና ሽሚት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በብዛት የሚያገለግሉ 150 ፍሬዛል ቨርቦችን ከዋና ዋና ፍቺዎቻቸው ጋር ለይተው አውጥተዋል፤ ፍቺዎቹ በድምሩ 288 ናቸው። አሥር ሺህ ማጥናት አይጠበቅም ማለት ነው። የሚጠበቀው ትክክለኛዎቹን መቶዎች በደንብ ማወቅ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው የስልኳን ዝርዝር መተው ነው። በቦታው ከሁለት ምንጭ ብቻ መሰብሰብ ጀመርን፤ ከራሷ ስብሰባና ኢሜይል፣ እንዲሁም በብዛት ከሚያገለግሉት ፍሬዛል ቨርቦች ዝርዝር። አንድ አገላለጽ እንዲመረጥ በሥራዋ ላይ ተሰምቶ ወይም ተነብቦ መሆን ነበረበት። በሳምንት የምንይዘው ከአሥር አይበልጥም ነበር። ይህ በመጀመሪያ አላስደሰታትም፤ «በቀን ሠላሳ የማጠና ሰው በሳምንት ስምንት ምን ይሆነኛል?» ብላ ተከራክራኛለች።

ሁለተኛው የካርድ አሠራር ነው። አንኪ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀምን፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ካርድ ሊረሳ ሲቃረብ መልሶ ያመጣል፣ በትክክል በተመለሰ ቁጥርም ቀጠሮውን ያርቃል። ሰው ያጠናውን በምን ፍጥነት እንደሚረሳ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሳተመ ጀምሮ፣ ክለሳን በጊዜ አራርቆ ማድረግ በአንድ ቀን ከመከመር እንደሚበልጥ ደጋግሞ ተረጋግጧል። ነገር ግን ወሳኙ ፕሮግራሙ ሳይሆን ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነው። የቀድሞዎቹ ካርዶቿ በአንድ ወገን የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላው ወገን የአማርኛውን ፍቺ የያዙ ነበሩ። እንዲህ ያለ ካርድ የሚያለማምደው አይቶ መለየትን ብቻ ነው።

አዲሱ ካርድ እንዲህ ነበር። ከፊት በኩል ሁኔታው በአማርኛ ይጻፋል፦ «የሥልጠናው ቀን በዝናብ ምክንያት ወደ ኋላ እንዲገፋ ለሥራ ባልደረባህ ሐሳብ ታቀርባለህ።» ከሥሩ «ካን ዊ ... ኢት ... አንቲል ሰኞ?» የሚል ክፍተት ያለው ዓረፍተ ነገር አለ። ከጀርባ ሙሉው ዓረፍተ ነገር፣ «ካን ዊ ፑሽ ኢት ባክ አንቲል ሰኞ?»፤ ከእርሱ ቀጥሎም ለማን እንደሚባልና ለማን እንደማይባል በአንድ መስመር። መልሱን በልብ ማሰብ አይቆጠርም፤ ድምፅ አውጥታ መናገር ነበረባት። ተውላጠ ስሙ ሁልጊዜ በካርዱ ውስጥ ስላለ የአቀማመጡ ችግር ሌላ ትምህርት ሳያስፈልገው በዚያው ተቃለለ።

ፍቺና አጠቃቀም ለማረጋገጥ ለተማሪ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትን ብቻ እንድትጠቀም ተስማማን። ካምብሪጅና ሎንግማን በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ የትኛው አነጋገር ኢመደበኛ እንደሆነ በምልክት ያሳያሉ። ሎንግማን በተጨማሪ ግሱና ተከታዩ ቃል ሊለያዩ በሚችሉበት ቦታ በሁለት አቅጣጫ የሚያመለክት ቀስት ያስቀምጣል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ መዝገበ ቃላት እነዚህን መረጃዎች አይሰጡም፤ የ«ጌት ሪድ ኦፍ» ጉዳትም ከዚያ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የማዳመጥ ልምምድ ነው። ከስብሰባ ቅጂ ውስጥ ያልገባትን የጥቂት ሴኮንድ ንግግር ደጋግማ ትሰማለች፣ የሰማችውን ቃል በቃል ትጽፋለች፣ ከዚያ ከተናጋሪው ጋር በአንድ ፍጥነት ትደግማለች። አሰልቺ ነው። ግን በሳምንታት ውስጥ «ፒኪታፕ» እና «ሉኪንቱ» ተነጣጥለው መሰማት ጀመሩ።

አራተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ የተማረችውን በእውነተኛ ሥራ ላይ ማዋል ነው። በየሳምንቱ ከካርዶቿ ሁለት አገላለጾች ትመርጣለች፤ አንዱን በኢሜይል፣ አንዱን በስብሰባ ትጠቀማለች። ከስብሰባው በኋላ ስብሰባውን በራሷ ቃል የምትተርክበት አጭር የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ እኔም በድምፅ አርሜ እመልሳለሁ። በተጨማሪም እንግሊዝኛን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትናገር አንዲት የናይሮቢ ባልደረባዋ የሚጎረብጥ ነገር ስትሰማ በግል እንድትነግራት ተስማማች። ይህቺ ሴት ያደረገችው ውለታ እኔ ካደረግሁት ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ እኔ የቤቱን አነጋገር ከውጭ ሆኜ ነው የማውቀው፣ እርሷ ከውስጥ።

የሠራውና ያልሠራው

አምስት ወር ገደማ ከተሠራ በኋላ ግልጽ ለውጥ ታየ። ኢሜይሎቿ ተፈጥሯዊ ሆኑ፤ «አይ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት ኤንድ ጌት ባክ ቱ ዩ» (አጣርቼ መልስ እሰጣለሁ) ሳታስብ የምትጽፈው ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን በአንድ ስብሰባ ላይ ያደረገችውን ነው። አንድ የጄኔቫ ባልደረባ ሰዎቹ በዕቅዱ ላይ «ፑሽ ባክ» እያደረጉ ነው ይላል። «ፑሽ ባክ» ቀንን ማዘግየት ሊሆን ይችላል፤ መቃወም፣ አልቀበልም ማለትም ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ ንግግሩን አስቁማ ቀኑ ይራዘም እያሉ ነው ወይስ ዕቅዱን እየተቃወሙ ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። መቃወም ነበር። ከስድስት ወር በፊት አንዱን ገምታ ትጽፍ ነበር። አንድ አገላለጽ ከአንድ በላይ ፍቺ እንዳለው ማወቅ ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጣል።

ያልሠራው ደግሞ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድን ግስ ይዘን ከእርሱ የሚወጡትን በአንድ ቀን አጠናን፤ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት ኦን»፣ «ፑት አውት»፣ «ፑት ኢን»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»። በወረቀት ላይ ሥርዓት ያለው ይመስላል። በሳምንቱ ሁሉም ተደበላለቁባት፤ ከዚያ በፊት በትክክል የምታውቀውን «ፑት ኦፍ» ሳይቀር ማመንታት ጀመረች። የሚመሳሰሉ ነገሮች አብረው ሲጠኑ አንዱ ሌላውን ያውካል። ከዚያ በኋላ የሚመሳሰሉትን ሆን ብለን በተለያየ ሳምንት አራርቀናቸዋል።

በተከታዩ ቃል ትርጉም መመደብ በከፊል ሠርቷል። «አፕ» ብዙ ጊዜ መጨረስን እንደሚያሳይ በ«ዩዝ አፕ» እና «ፊል አፕ»፣ «አውት» ደግሞ የተሰወረ መገለጡን በ«ፋይንድ አውት»፣ «ፖይንት አውት» እና «ተርን አውት» ማየቷ የተማረችውን እንድታስታውስ ረድቷታል። ያልተማረችውን ለመገመት ስትጠቀምበት ግን ወደ «ፌል ስሩ» ይመልሳታል። ስለዚህ ደንባችን ይህ ሆነ፦ ምደባው ካወቁ በኋላ ለማጥበቅ ነው፣ ሳያውቁ ለመፍታት አይደለም።

ተከታታይ ፊልሞችን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዩ ማጥናትም ለእርሷ ዓላማ አልጠቀመም። የምትሰበስበው የወጣቶችን የሰፈር አነጋገር ሆነ፤ በቢሮ ልትጠቀምበት አትችልም።

ፈሊጦችን በተመለከተ ውጤቱ የተደባለቀ ነው። መረዳቷ በእጅጉ አድጓል፤ መጠቀሟ ግን ጥቂት ነው፣ እኔም አላበረታታሁም። አንድ ሰው በአማርኛ «እጅ ሰጠ» ሲባል መሸነፉን፣ «ዓይን አወጣ» ሲባል ኀፍረት ማጣቱን የሚያውቀው በሺህ ጊዜ ሰምቶ ነው፤ ለማን ሊባል እንደሚችልም አብሮ ሰምቷል። ያን ያህል ሳይሰሙ በሰው ፈሊጥ አፍን መሙላት ለተናጋሪው አደጋ አለው። በዚያ ላይ ፈሊጥ ከአገር አገር ይለያያል። ጉልህ ምሳሌው «ቴብል» የሚለው ግስ ነው፤ በብሪታኒያ አንድን አጀንዳ ቴብል ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው፣ በአሜሪካ ግን ወደ ጎን ማቆየት ነው። ከሁለቱም አገር ሰዎች በሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ ይህን ቃል ጨርሶ አለመጠቀምና ሲነገር መጠየቅ ይሻላል ብለን ወሰንን።

አንድ ነገር እስከ መጨረሻ አልተፈታም። ሦስትና አራት ሰዎች ተደራርበው ሲናገሩ፣ በተለይም ሲቀልዱ፣ አሁንም ያመልጣታል።

ለሌሎች የሚተርፈው

በዚህ ደረጃ ያለ ሰው በቅድሚያ ችግሩን መነጣጠል አለበት። የማይሰማው፣ የሚሸሸው፣ የሚያዛንፈውና ደረጃውን የሚስተው በአንድ መድኃኒት አይታከሙም። ቀላሉ መፈተሻ ያልገባውን ንግግር በጽሑፍ ማየት ነው፤ በጽሑፍ ከገባው ቃላት ሳይሆን ጆሮ ነው የሚያስፈልገው፣ ተጨማሪ ዝርዝር ማጥናት አይረዳውም።

የሚያጠናውን ከራሱ ሥራ ይልቀም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይያዝ፣ ተውላጠ ስም ይኑርበት፣ ለማን እንደሚባል ይጻፍበት። በየሳምንቱም በእውነተኛ ሰው ፊት ይጠቀምበት፤ ሲጎረብጥ የሚነግረው አንድ ሰው ያግኝ። ይህ የመጨረሻው ለማግኘት ከባዱ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ስህተቱ ልማድ ሆኖ ይደነድናል።

አይልትስ ለተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችም ከዚህ ጉዳይ የሚወስዱት አለ። በንግግር ፈተናው ላይ የቃላት ሀብት ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ለባንድ 7 (ለሰባተኛው የውጤት ደረጃ) የተቀመጠው መግለጫ እምብዛም የማይዘወተሩና ፈሊጣዊ አገላለጾችን መጠቀምን ይጠቅሳል። ብዙዎች ይህንን ተረትና ምሳሌ መሸምደድ አድርገው ይወስዱታል። መግለጫው ግን አብሮ የአነጋገር ደረጃንና የቃላትን ቁርኝት ማወቅን ይጠይቃል። «ዊ ራን አውት ኦፍ ታይም» (ጊዜ አለቀብን) ብሎ በቦታው የተናገረ ሰው፣ «ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን ያለ ቦታው ከሰነቀረ ሰው የተሻለ ተናግሯል።

ወደ ውጭ ሄደው በሕክምና ሙያ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ ከቢሮ ቃለ ጉባኤ ይከብዳል። ነርሷ «ቮሚት»፣ «ፌይንት»፣ «ሪከቨር» የሚሉትን በትምህርት ቤት ተምራለች፤ አልጋ ላይ ያሉት አዛውንት ግን «አይ ስሩ አፕ» ሲሉ አስመለሰኝ ማለታቸው ነው፣ «አይ ፓስድ አውት» ሲሉ ራሴን ሳትኩ ማለታቸው ነው፣ ልጃቸውም እናቴ «ፓስድ አዌይ» ስትል አረፈች ማለቷ ነው። «ፓስድ አውት» እና «ፓስድ አዌይ» በአንድ ተከታይ ቃል ብቻ ይለያያሉ። እንዲህ ላለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ካርዶች የምሠራለት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ሕመምተኞች ስለ ሰውነታቸው ሲናገሩ ከሚሉት ነው፤ እነዚህንም ሁለቱን በአንድ ሳምንት አላስጠናውም።